በፒካፕ ከባድ ጭነት መጫንና ማጓጓዝ፦ ለጎጃም መንገድ የሚሆን ዝርዝር መመሪያ

የአንድ ደብል ጋቢና ፒካፕ ካሶኒ፣ ማለትም ከኋላ ያለው የጭነት ሳጥን፣ አብዛኛውን ጊዜ 1 ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት፣ ከዚያ ጋር የተቀራረበ ወርድና ከግማሽ ሜትር ጥቂት ያነሰ ከፍታ ስላለው፣ እስከ ስፖንዳው (የካሶኒው መከለያ) አፍ ድረስ ቢሞላ የሚይዘው ከ1 ሜትር ኩብ እምብዛም አይበልጥም። ይህ ቦታ ገለባ ቢሞላበት መኪናው መጫኑንም አያውቀውም። ከወንዝ የወጣ እርጥብ አሸዋ ቢሞላበት ግን ክብደቱ ከ17 እስከ 20 ኩንታል ይደርሳል፤ ይህም አብዛኞቹ ፒካፖች እንዲሸከሙት ከተሠሩበት ልክ እጥፍ ገደማ ነው። ለዓይን ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ሁለቱም «ሞላ» ይባላሉ።

እኔ ይህን የተረዳሁት በሰው ምክር አይደለም። ከብዙ ዓመት በፊት ከመራዊ ወደ ባሕር ዳር አሸዋ ስወስድ፣ አካፋ የያዙት ጫኞች «ገና ቦታ አለው» እያሉ እስከ አፉ ሞሉት፤ እኔም ቦታ መኖሩን በዓይኔ ስላየሁ አልከለከልኳቸውም። አስፋልቱ ላይ ወጥቼ ፍጥነቱ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲደርስ መሪው በእጄ ላይ ያለ ልክ ቀለለ፤ ወደ ግራ ስለው ዘግይቶ ይታዘዛል፣ ወደ ቀኝ ስመልሰው አልፎ ይሄዳል። የፊት ጎማዎቹ መሬቱን በወጉ አልረገጡም ነበር። ከመንገድ ዳር ቆሜ ግማሹን አራግፌ ሄድኩ፤ የአሸዋው ዋጋ ቀረብኝ፣ ሌላ የደረሰብኝ ነገር የለም። ከዚያ ወዲህ የያዝኩት ልማድ አንድ ነው፤ ጭነት የሚለካው በኪሎና በቦታ አቀማመጥ ነው፣ በካሶኒው መሙላት አይደለም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን ልማድ በተግባር እንዴት መያዝ እንደሚቻል የሚያስረዳ ነው።

መጀመሪያ ክብደቱን በቁጥር ይወቁ

የመኪናው ሊብሬ ላይ የተጻፈውን የጭነት ልክ ይመልከቱ። ከዚያም የአሽከርካሪውን በር ከፍተው በበሩ ምሰሶ ላይ ወይም በሞተሩ ክፍል ውስጥ የተለጠፈውን የፋብሪካ ምልክት ያንብቡ፤ በብዙ መኪኖች ላይ በዚያ የሚገኘው ትልቁ ቁጥር መኪናው ከነጭነቱ፣ ከነነዳጁና ከነተሳፋሪው ሊመዝን የሚችለው የመጨረሻው ክብደት ነው። ከዚህ ላይ የባዶ መኪናው ክብደት ሲቀነስ የሚተርፈው የሸክም አቅሙ ነው። ደብል ጋቢና ፒካፖች እንደየዓይነታቸው ከ8 እስከ 11 ኩንታል አካባቢ ይሸከማሉ። ሁለቱ ቁጥሮች ካልተስማሙ በትንሹ ይሥሩ።

ብዙዎች የሚረሱት፣ ይህ አቅም የካሶኒው ብቻ አለመሆኑን ነው። ለምሳሌ አቅሙ 10 ኩንታል ማለትም 1,000 ኪሎ ግራም የሆነ መኪና አለ እንበል። አሽከርካሪው፣ ረዳቱና የሲሚንቶው ባለቤት ጋቢና ውስጥ ከተቀመጡ 200 ኪሎ ግራም ያህል ሄደ። ክሪኩ፣ ትርፍ ነዳጅ የያዘው ጀሪካን፣ ሸራውና ሰንሰለቱ 40 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናሉ። የቀረው 760 ኪሎ ግራም ስለሆነ፣ ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ 15 ከረጢት ይጫናል ማለት ነው። ሃያ ከረጢት አይጫንም። ሁለት ሰው በአውቶቡስ እንዲከተል ማድረግ ሁለት ሦስት ከረጢት ሊጨምር ይችላል፤ እኔ ሒሳቡን ለባለ ጭነቱ በዚህ መልክ ሳስረዳው ብዙውን ጊዜ አይከራከርም።

በአካባቢያችን በብዛት የሚጫኑትን ነገሮች ክብደት በቃል መያዝ ይጠቅማል። ማዳበሪያ እንደ ሲሚንቶው ከረጢቱ 50 ኪሎ ነው። ውሃ በ1 ሊትር 1 ኪሎ ስለሆነ፣ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ሞልቶ በፒካፕ ላይ መጫን ጋኑን ሳይጨምር 10 ኩንታል መጫን ነው። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ 12 ሜትር ርዝመት ያለው አንዱ ዘንግ 10.7 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ የሌላ ውፍረት ክብደት ማወቅ ሲፈልጉ የፌሮውን ውፍረት በሚሊ ሜትር በራሱ አባዝተው ለ162 ያካፍሉ፣ የአንዱ ሜትር ክብደት በኪሎ ይወጣል። ብሎኬት ከማምረቻ ወደ ማምረቻ ስለሚለያይና እርጥቡ ከደረቁ ስለሚከብድ፣ አንዱን መዝኖ በብዛቱ ማባዛት ይሻላል።

ስለ «ኩንታል» ቃል አንድ ነገር ማከል ግድ ይለኛል። በገበያችን ኩንታል የክብደትም የጆንያም ስም ነው፤ ችግሩም ከዚያ ይመጣል። ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም የሚጫን በቆሎ፣ ከእንጅባራና ከጥሊሊ የሚጫን ድንች፣ አፉ ላይ ጉልላት ተሠርቶለት በሲባጎ የተሰፋ ከሆነ «አንድ ኩንታል» ቢባልም 100 ኪሎ ነው ብሎ ማመን አይገባም። ስምንት ጆንያ እያንዳንዱ በ15 ኪሎ ቢያልፍ ሳይታወቅ አንድ ኩንታል ከሩብ ያህል ተጨመረ። እህል በረንዳ ሚዛን አይጠፋም፤ ከጆንያዎቹ መካከል ሁለት ሦስቱን ያስመዝኑና በትልቁ ይቁጠሩ።

ከዚያ መኪናውን ያዘጋጁ

ጎማ ከሁሉ ይቀድማል። ለባዶና ለጭነት ጉዞ የሚያስፈልገው ነፋስ የተለያየ ስለሆነ፣ በበሩ ምሰሶ ላይ ለሙሉ ጭነት የተጻፈውን ልክ ተከትለው፣ ጎማው ሳይሞቅ ያስሞሉ። በጎማው ጎን ላይ ከመጠኑ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ጎማው የሚሸከመውን ክብደት የሚያመለክት ምልክት ነው፤ 104 ማለት 900 ኪሎ፣ 108 ማለት 1,000 ኪሎ፣ 112 ማለት 1,120 ኪሎ ለአንድ ጎማ ነው። በርካሽ የተገኘ የቤት መኪና ጎማ በፒካፕ ላይ ተገጥሞ ሲሄድ ማየት እንግዳ አይደለም፤ ጎማው አዲስ መሆኑ አቅሙን አይጨምርለትም። ትርፍ ጎማውንም ጎሚስታው ዘንድ አብረው ያስለኩ፤ ባዶ መሆኑ በረሃ መካከል መታወቅ የለበትም።

ባሌስትራ፣ ማለትም የመኪናውን ጀርባ የሚሸከሙትን ተደራራቢ የብረት ቅጠሎች፣ ስለማስጨመር መናገር ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም በየጋራዡ «አንድ ቅጠል ጨምርለትና የፈለግከውን ጫን» የሚል ምክር ይሰማል። ተጨማሪ ቅጠል የመኪናው ጀርባ እንዳይቀመጥ ያደርጋል፤ ፍሬኑን፣ አክሱን፣ ሻንሲውን፣ የጎማውን ቡሎን ግን አያጠነክርም። ይልቁንም መኪናው ሲበዛበት ጎንበስ ብሎ ይሰጥ የነበረውን ማስጠንቀቂያ ያጠፋዋል። ቅጠሉ የተሰነጠቀ ከሆነ ይቀየር፣ የማሰሪያ ቡሎኑም ይጥበቅ፤ አቅም ለመጨመር ተብሎ የሚደረገውን ግን አልደግፍም።

የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል፣ እርጥበት በገባበትም መጠን የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከያዘ በኋላ ግን ይህ ልክ እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 ደግሞ ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ዘይቱ ሲፈላ አረፋ ይሠራል፣ አረፋም ስለሚታመቅ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይገባና መኪናው አይቆምም። ስለዚህ ዓባይ በረሃን ጭኖ የሚወርድ ሰው በየሁለት ዓመቱ ዘይቱን ማስቀየሩ የሚያተርፈው ከሚያወጣው ገንዘብ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። የፍሬን ሸራውን ውፍረት፣ የራዲያተሩን ውሃ፣ የኋላ መብራቶቹንም በዚያው ያስመርምሩ። ጀርባው ሲከብድ የፊት መብራቱ ሽቅብ ስለሚያበራ፣ መኪናዎ የመብራት ማስተካከያ ካለው ዝቅ ያድርጉት።

ጭነቱን የት ማስቀመጥ እንደሚገባ

በጎጃም አህያ ወይም በቅሎ ሲጭን ያደገ ሰው የዚህን ክፍል ግማሽ ያውቀዋል። አህያ ጫኝ መጫኛውን ከመሳቡ በፊት ከወዲህና ከወዲያ ያለውን ክብደት በእጁ ያመዛዝናል፤ ያዘመመ ጭነት ዳገት ላይ እንስሳውን እንደሚያቆስለውና እንደሚጥለው ስለሚያውቅ ገና ሳይነሳ ያስተካክለዋል። ፒካፕም እንዲሁ ነው፤ ከግራ ከቀኝ ያልተመጣጠነ ጭነት አንዱን ባሌስትራና አንዱን ጎማ ያደክማል፣ መታጠፊያ ላይም መኪናውን ወደከበደው ጎን ይጥለዋል። አህያው የማያስተምረን ሌላው ግማሽ የፊትና የኋላው ሚዛን ነው።

የኋላውን አክስ እንደ ሚዛን መካከለኛ ድጋፍ አድርገው ይቁጠሩት። ከአክሱ በፊት፣ ወደ ጋቢናው በኩል የተቀመጠ ክብደት ለአራቱም ጎማዎች ይከፋፈላል። ከአክሱ በኋላ የተቀመጠ ግን የፊቱን ያነሳል። በፊትና በኋላ አክስ መካከል ያለው ርቀት በብዙ ፒካፖች 3 ሜትር ከጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከኋላው አክስ 1 ሜትር ወደ ኋላ፣ ማለትም የኋላ ስፖንዳው አጠገብ አንድ 100 ኪሎ ጆንያ ቢያስቀምጡ፣ ከፊት ጎማዎች ላይ 32 ኪሎ ያህል ይነሳል፣ የኋላው አክስ ደግሞ 132 ኪሎ ይሸከማል። መቶ ኪሎ ጭነው መቶ ሠላሳ ሁለት ኪሎ ያህል አሸከሙት ማለት ነው። መሪውን የሚያዞሩትና ከፍሬኑ ሥራ ትልቁን ድርሻ የሚይዙት የፊት ጎማዎች ስለሆኑ፣ የሚቀንሱት እያንዳንዱ ኪሎ ከመኪናው መታዘዝ ላይ ይቀነሳል።

በደብል ጋቢና መኪና አክሱ ከካሶኒው መካከል ብዙም ስለማይርቅ ከአክሱ በፊት ያለው ቦታ ጠባብ ነው። ስለዚህ ከሁሉ የከበደው ከጋቢናው ግድግዳ ጋር ተለጥፎ ይቀመጥ፤ ቀላሉ ወደ ኋላና ወደ ላይ ይሁን። 15 ከረጢት ሲሚንቶ ሲጭኑ አምስት አምስት አድርገው በሦስት ረድፍ ከፍታ፣ ሁሉም ወደ ጋቢናው ተጠግተው እንዲተኙ ያድርጉ፤ የላይኛው ረድፍ የታችኛውን መገጣጠሚያ እንዲሸፍን እንደ ግንብ እያቆላለፉ ይደርድሩ። በካሶኒው ወለል ላይ በእኩል ዘርግቶ እስከ ኋላ ስፖንዳ መድረስ ያምራል፣ ነገር ግን ግማሹን ክብደት ከአክሱ በኋላ ያደርገዋል።

ፌሮ ለብቻው ሊነገርለት የሚገባ ጣጣ ነው። 12 ሜትሩ ዘንግ ለሁለት ታጥፎ 6 ሜትር ሆኖ ይጫናል፣ ካሶኒው ግን 1 ሜትር ተኩል ነው። ሃያ ዘንግ ባለ 12 ሚሊ ሜትር 214 ኪሎ ይመዝናል፤ ጫፉ ጋቢናውን ነክቶ ቀሪው ወደ ኋላ ከወጣ የክብደቱ መካከል ከአክሱ ከ2 ሜትር በላይ ወደ ኋላ ስለሚውል፣ ከፊት ጎማዎች ላይ ብቻ ከ130 ኪሎ በላይ ያነሳል። በጋቢናው ላይ አሳልፎ በፖርቶ መጋላ (በጋቢናው ጣሪያ በኩል ባለው የጭነት መደገፊያ ብረት) ማሰር ሚዛኑን ያሻሽለዋል፣ ለዚያ ግን ፖርቶ መጋላው በዚህ ክብደት የማይጎብጥና ከሻንሲው ወይም ከካሶኒው ጋር በቡሎን የተያዘ መሆን አለበት። የእኔ ምክር ፌሮውን ከሻጩ ዘንድ በሥራው ልክ አስቆርጦ መውሰድ ነው፤ ያ ካልተቻለ አይሱዙ መከራየት ይሻላል። የባሕር ዛፍ አጣናም በዚሁ ሕግ ይመራል።

ከሌሎቹ ጭነቶች መካከል ሦስቱን በአጭሩ ልጥቀስ። ፈሳሽ የያዘ ጋን ወይ ሙሉ ወይ ባዶ ይሁን፤ ግማሽ የሆነ ጋን ውስጥ ያለው ውሃ በመታጠፊያና በፍሬን ጊዜ እየተንገጫገጨ መኪናውን ይገፋዋል። ከብት ወይም በግ ሲጫን ወለሉ እንዳያንሸራትት አፈር ወይም ገለባ ይነስነስበት፣ እንስሳቱም በአንድ ጎን እንዳይከማቹ በመካከል ይከፈል። በአዊ ዲከረንስ ከሚባለው ዛፍ የሚመረተው ከሰል ቀላል በመሆኑ ከፍ ተደርጎ ይቆለላል፤ ከፍታው መኪናውን ለነፋስና ለመገልበጥ ያጋልጠዋል፣ ከዚህም በላይ ከምድጃ ወጥቶ ብዙ ያልቆየ ከሰል ውስጡ ያልጠፋ ረመጥ ይዞ በመንገድ ነፋስ ሊቀጣጠል ይችላል። ቢያንስ አንድ ሁለት ቀን ተዘርግቶ የቀዘቀዘ መሆኑን ሳያረጋግጡ አይጫኑት። በጭነት ላይ ሰው ማስቀመጥን በተመለከተ ግን የምለው አንድ ብቻ ነው፤ አያስቀምጡ፣ የጭነቱ ባለቤት ቢሆንም፣ መንገዱ አጭር ቢሆንም።

ማሰር

ብዙ አሽከርካሪ «ከባድ ስለሆነ የትም አይሄድም» ይላል። ከባድ ነገር ለመነሳት እንደሚያስቸግር ሁሉ ለመቆምም ያስቸግራል። ጭነት ለማሰር በአውሮፓ የሚሠራበት ደረጃ፣ ማሰሪያው ጭነቱን ወደ ፊት ከክብደቱ 0.8፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ከክብደቱ 0.5 በሚሆን ኃይል ሊይዘው ይገባል ይላል። ይህን ወደ ሲሚንቶው ብናመጣው፣ 750 ኪሎው በድንገተኛ ፍሬን ጊዜ በ600 ኪሎ ያህል ጉልበት ወደ ጋቢናው ይገፋል። ገመድ ብቻውን ይህን አይችልም። ጭነቱ ገና ከመነሻው ከጋቢናው ግድግዳ ጋር ከተለጠፈ ግን ግፊቱን ግድግዳው ይቀበለዋል፣ ለገመዱ የሚቀረውም የጎኑና የኋላው ብቻ ይሆናል። በጭነቱና በግድግዳው መካከል ክፍተት ከቀረ በእንጨት ወይም በአሮጌ ጎማ ይሙሉት፤ ጭነት ተንደርድሮ ሲመታና ተደግፎ ሲገፋ አንድ አይደለም።

ከላይ ተሻግሮ የታሰረ ገመድ ጭነቱን ወደ ታች ይጫነዋል እንጂ አይጎትተውም፤ የሚይዘው በጭነቱና በወለሉ መካከል ባለው መሻከር ነው። ፕላስቲክ የተነጠፈበት ካሶኒ በጣም ያንሸራትታል። አሮጌ ከመነዳሪ (የጎማ የውስጥ ላስቲክ) ተቀዶ ከሥር ቢነጠፍ ግን ያው ገመድ ብዙ ይሠራል። ገመዱ ከጭነቱ ጎን ቀጥ ብሎ ወደ መንጠቆው በወረደ መጠን ጉልበቱ ይጨምራል፤ አግድም ተዘርግቶ ከሄደ ወደ ታች የሚጫነው እጅግ ጥቂት ነው።

ከመነዳሪን ለመነጠፍ እንጂ ለማሰሪያ አልመክረውም። በየመናኸሪያው የምናየው የተቀደደ የጎማ ጥብጣብ ሲሳብ ስለሚለጠጥ ጥሩ የተያዘ ይመስላል፣ መታጠፊያ ላይ ግን ጭነቱ ሲገፋው እንደገና ይለጠጣል። የቃጫ ገመድ በዝናብ ይሸመቀቅና ሲደርቅ ይላላል፤ ናይለን ደግሞ እርጥብ ሲሆን ይለጠጣል፣ ቋጠሮውም ይሸሻል። ከሁሉ የሚሻለው የብረት መወጠሪያ ያለው ጥብቅ የጨርቅ ቀበቶ ነው። በላዩ ላይ በተሰፋው ጨርቅ የሚችለው ኃይል በዴካ ኒውተን ተጽፎ ይገኛል፤ አንዱ ዴካ ኒውተን በግምት የ1 ኪሎ ክብደት ነው። ጽሑፉ የጠፋበት ወይም ጠርዙ የተቆረጠ ቀበቶ ለከባድ ጭነት አይሁን። ለ15 ከረጢት ሁለት ቀበቶ ከላይ አሻግረው፣ አንድ ደግሞ ከኋላ አዙረው ወደ ጋቢናው ይሳቡ። በመንጠቆነት የሚያገለግሉት በካሶኒው ውስጥ የተበየዱት ቀለበቶች ናቸው፤ የኋላ ስፖንዳው መቆለፊያ ወይም ፓራውልቱ ለዚህ አልተሠራም። ስፖንዳውንም የጭነት መደገፊያ አድርገው አይቁጠሩት፤ መቆለፊያው ተከፍቶ ድንቹን በአስፋልቱ ላይ ሲዘራ አይቻለሁ።

ብረትና የድንጋይ ጠርዝ ቀበቶን እንዳይቆርጥ ካርቶን ወይም የጆንያ ቁራጭ ይደረግበት። በክረምት ሲሚንቶና ማዳበሪያ ላይ ሸራ ይደርቡ፤ ሸራው የሚታሰረው ለብቻው ነው፣ የጭነቱ ማሰሪያ ተደርጎ አይቆጠርም። ከካሶኒው ወደ ኋላ የወጣ ነገር ካለ ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ፣ ማታ ደግሞ የሚያንጸባርቅ ምልክት ይሰቀል።

ከመነሳትዎ በፊትና ከተነሱ በኋላ

ከመኪናው ጥቂት ሜትር ርቀው በጎኑ ይቆሙ። ጀርባው በጥቂቱ መውረዱ የተለመደ ነው፤ አፍንጫው ሽቅብ ካየ ግን ክብደቱ ወይ በዝቷል ወይ ወደ ኋላ ሄዷል። ቀጥሎ ከኋላ ቆመው ግራና ቀኙ እኩል መሆኑን ይዩ። ጭነቱን በሁለት እጅ ይዘው ይነቅንቁት፤ ከመኪናው ጋር አብሮ መነቅነቅ አለበት እንጂ ለብቻው መንቀሳቀስ የለበትም።

ከተነሱ በኋላ ከ10 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ርቀት ቆመው ማሰሪያውን እንደገና ይወጥሩ። ጆንያ እየተንቀጠቀጠ ይቀመጣል፣ አየሩም ይወጣል፤ በመነሻው ላይ የጠበቀ ገመድ እዚህ ላይ ሁልጊዜ ልል ሆኖ ይገኛል። ከደብረ ማርቆስ በረቡዕ ገበያ በኩል ወደ ጮቄ በሚወጣው መንገድ ላይ የምጓዝ ከሆነ፣ ዳገቱ ከመክበዱ በፊት ይህን አደርጋለሁ። ጎማዎቹንም በእጅ መዳበስ ነው፤ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጋለ ነፋሱ አንሷል ወይም ፍሬኑ ይዟል።

በመንገድ ላይ

የጫነ መኪና የሚቆምበት ርቀት ይረዝማል፣ ፍጥነት ሲጨምር ደግሞ ርቀቱ በእጅጉ ይጨምራል። በ80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው ጉልበት በ60 ከሚሄደው 1.8 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ከፊትዎ ካለው መኪና ጋር ባዶ ሲሆኑ የሚተዉትን ርቀት እጥፍ ያድርጉት። በገበያ ቀን በደምበጫ፣ በቡሬና በዳንግላ አካባቢ የተጫኑ አህዮች፣ ጋሪና ባጃጅ አስፋልቱን ስለሚጋሩ፣ በአዊ በኩልም ፈረሰኛ ድንገት ስለሚያቋርጥ፣ ከተማው ሳይታይ አስቀድሞ ፍጥነት መቀነስ ያስፈልጋል። እንጅባራ አካባቢ ጉም ሲወርድ ዝቅተኛውን መብራት ይጠቀሙ።

የእብጠት መሻገሪያ፣ ጉድጓድና የውሃ መውረጃ ላይ ሲደርሱ ፍሬኑን ከጉድጓዱ በፊት ጨርሰው፣ ጎማው ሲገባ ፔዳሉን ይልቀቁት፤ ፍሬን እንደተያዘ የሚገባ ጎማ ምቱን በሙሉ ለባሌስትራውና ለአክሱ ያስተላልፋል። በደጀንና በቢቸና በኩል ያለው መረሬ መሬት በክረምት ጭነት የያዘ ፒካፕን ከዋጠ በኋላ ለማውጣት ማራገፍ ግድ ይሆናል፤ ስለዚህ ጥርጣሬ ያለበትን ቦታ በእግር ሄዶ ሳያዩ አይግቡበት። መኪናው ባለ አራት ጎማ መንጃ ከሆነ፣ የአራት ጎማ ማርሹን የሚያስገቡት ጭቃው ውስጥ ከመግባትዎ በፊት ነው እንጂ ከተቀረቀሩ በኋላ አይደለም።

ዓባይ በረሃ

ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከደጀን አፋፍ እስከ ወንዙ ያለው ቁልቁለት ደግሞ ከ1,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያስወርዳል። ከነጭነቱ 3 ቶን የሚመዝን ፒካፕ ይህን ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ሁሉ ሙቀት ቢሆን ኖሮ ከ100 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላ ነበር። ይህን ሙቀት የአራቱ ጎማዎች የፍሬን ሸራዎች ብቻቸውን እንዲሸከሙት ማድረግ አይቻልም፤ ሞተሩ ድርሻውን መውሰድ አለበት።

ደጀን ላይ ይቁሙ፤ ማሰሪያውን፣ ጎማውንና የፍሬን ዘይቱን ይዩ። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ዳገቱን ለመውጣት በሚያስፈልግዎት ማርሽ፣ ማለትም አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ይግቡ፤ አውቶማቲክ ከሆነ ዝቅተኛውን ማርሽ በእጅ ይምረጡ። ማርሹን ዜሮ አድርጎ ወይም ፍሪሲዮን ረግጦ ነዳጅ ለመቆጠብ መውረድ ሞተሩን ከሥራ ማስወጣት ነው። ፍጥነቱ ካሰቡት ሲያልፍ ፍሬኑን በደንብ ይዘው ያውርዱትና ይልቀቁት፤ ሳይለቁ በቀስታ እያሹ መውረድ ሸራው የሚቀዘቅዝበት ጊዜ ያሳጣዋል። ሞተሩ ሲጮህ የሚደነግጥ ረዳት ካለዎት ጩኸቱ ጤና መሆኑን አስቀድመው ይንገሩት።

በዚህ መንገድ መሬቱ እየተንሸራተተ አስፋልቱ ያበጠባቸውና የሰመጠባቸው ቦታዎች አሉ። ማዕበል የመሰለው መሬት ጭነቱን ወደ ላይ ይወረውረዋል፣ በመታጠፊያ ላይ ሲሆን ደግሞ ወደ ጎን ይገፋዋል፤ በዚያ ላይ ዝንጀሮ ለማየት ወይም ለመመገብ በመታጠፊያ ላይ የቆመ መኪና ሊገጥምዎት ይችላል። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ከሸተተዎት፣ ወይም ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው ካልታዘዘ፣ ሰፊ ቦታ ፈልገው ማርሹን የበለጠ ዝቅ አድርገው ይቁሙ፣ ግማሽ ሰዓት ያህልም ያሳርፉት። በጋለ ዲስክ ላይ ውሃ አያፍሱ፤ ይሰነጠቃል። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ጎማ ቢጋልም ነፋስ አያስወጡ። በሙቀቱ የጨመረው ሲቀዘቅዝ ይመለሳል፤ በአንጻሩ ከከፍታ መውረድ ብቻውን በመለኪያው ላይ የሚታየውን ንባብ 2 ፒኤስአይ ያህል ስለሚቀንሰው፣ ንባቡ ከደጀኑ ጋር አንድ ሆኖ አይገኝም።

ወደ ላይ ሲወጡ የሚታየው የሙቀት መለኪያው ነው። ዝቅ ባለ ማርሽ፣ ሞተሩ ሳይታፈን ይውጡ፤ መርፌው ወደ ቀዩ ከሄደ የጋቢናውን አየር ማቀዝቀዣ አጥፍተው ይቁሙ፣ የራዲያተሩን ክዳን ግን ሳይበርድ አይክፈቱ። ዳገት ላይ ሲቆሙ ከኋላ ጎማ ሥር ድንጋይ ያድርጉ። ሲነሱም ድንጋዩን አንስተው ከመንገድ ያውጡት፤ በሌሊት ከኋላ ለሚመጣው ሰው አደጋ የሚሆነው በመንገድ መካከል የሚቀረው ያ ድንጋይ ነው።

ማራገፍ

መኪናውን በተስተካከለ መሬት ያቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ማርሽ ያስገቡ። ቀበቶውን ከመፍታትዎ በፊት ጭነቱ ወደየት እንዳዘመመ ይዩ፤ በጉዞ ላይ የተገፋ ጆንያ በማሰሪያው ብቻ ተይዞ ሊሆን ስለሚችል፣ ባዘመመበት ጎን ቆሞ የሚፈታ ሰው ላይ ይወድቃል። የኋላ ስፖንዳውንም በጎን ቆመው እንጂ ፊት ለፊት ሆነው አይክፈቱት። ከላይና ከኋላ ጀምረው፣ ከግራና ከቀኝ እኩል እያነሱ ያራግፉ፤ ከጋቢናው በኩል ያለው በመጨረሻ ይወርዳል። ባዶ ሆነው ሲመለሱ ለጭነቱ የጨመሩትን ነፋስ ጎማው ከበረደ በኋላ ወደ ባዶው ልክ ያስመልሱ፣ አለበለዚያ ቀላሉ ጀርባ በኮረት መንገድ ላይ እየነጠረ መታጠፊያ ላይ ይንሸራተታል።